የፒያሳዋ ፀጉር ሠሪ የትከሻ ጉዳይ

ጉዳዩ የአንድ ግራ ትከሻ ጉዳይ ነው። ባለጉዳይዋ ፒያሳ አንድ ፀጉር ቤት ትሠራ ነበር። በኅዳር 2014 የኮቪድ ክትባት ዘመቻ ሲካሄድ አብራት ከምትሠራው ልጅ ጋር አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ወዳለ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሄደው ተከተቡ። ልጅቷን ማታውን ትንሽ አተኮሳትና በነጋታው ሥራ ገባች። የባለጉዳይዋ ግራ እጅ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትከሻ በላይ አልነሳ አለ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጽፍም፣ የእሷንም እንደዚሁ። ፋይሉ ተዘግቷል። እንድጽፈውም ፈቅዳልኛለች፣ "ደንበኞቼ እንዳይለዩኝ ብቻ" ብላ።

ፀጉር ሠሪ ያለ እጅ ምንም ናት። ፎን ስትሠራ ቀኝ እጇ ብሩሹን ይጎትታል፣ ግራው ፎኑን ከደንበኛዋ ራስ በላይ ይዞ ይቆያል። ሹሩባ ሁለቱንም እጅ ይፈልጋል፣ ቢጉዲን መጠቅለልም እንደዚያው። የምትከፈለው ደግሞ በፐርሰንት ነው። ካልሠራች የለም። አሞኛል ብላ ቤቷ ብትውል የሚጠብቃት ደሞዝ አልነበረም።

ቢሮዬ የመጣችው ተናዳ ነው። "ጋሼ፣ የክትባቱን ፋብሪካ ክሰስልኝ" አለችኝ። በዚያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆኖባት ነበር። አንዱ ክትባቱ አጥንትሽን እየበላው ነው ብሏታል። ሌላው፣ ይሄኛው ደላላ ነው፣ "ለዚህ ከውጭ በዶላር የሚከፈል ካሳ አለ፣ ቅጹን እኔ አስሞላልሻለሁ" ብሎ ቀብድ ጠይቋታል።

ደላላው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፣ ችግሩም እሱ ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን 2.2 ሚሊዮን ገደማ የአስትራዜኔካ ክትባት በየካቲት 2013 መጨረሻ የተቀበለችው ኮቫክስ በሚባለው ዓለም አቀፍ አሠራር በኩል ነው። በዚያ መንገድ ክትባት ለሚያገኙ 92 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች የዓለም ጤና ድርጅት የካሳ ፕሮግራም አቋቁሞ ነበር፣ ማመልከቻም ከመጋቢት 2013 ጀምሮ መቀበል ጀመረ። ጥሩ ጎን አለው። ማን እንዳጠፋ ማስረዳት አይጠበቅብህም። ማመልከቻው በነፃ ነው፣ ጠበቃም አያስፈልገውም፣ ስለዚህ ደላላ ቀብድ የሚበላበት ምክንያት የለም። የካሳው ስሌት የአገሩ የነፍስ ወከፍ ገቢ በ12 ተባዝቶ፣ እንደገና በጉዳቱ መጠን መቶኛ ይባዛል። ካሳውን የተቀበለ ሰው ሌላ ክስ እንደማያቀርብ ይፈርማል።

በሩ ግን ጠባብ ነው። የሚሸፈነው ሆስፒታል አስተኝቶ ያሳከመና ዘላቂ የአካል ጉድለት ያስከተለ ከባድ ጉዳት፣ ወይም ሞት ነው። የእኛዋ ሴት አንድም ሌሊት አልጋ አልያዘችም። በመመላለስ ነው የታከመችው። እንቅልፍ የማያስተኛ ሕመም ይዛ እየሠራች፣ ፎኑን በቀኝ እጇ እያዞረች፣ ማታ በሙቅ ውኃ ፎጣ እየነከረች ነው የከረመችው። ለዚያ ፕሮግራም ይህ አይቆጠርም። ደላላውን ተይው አልኳት።

ፋብሪካውስ? በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2085 መሠረት ዕቃ አምርቶ ትርፍ ለማግኘት ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በወረቀት ላይ ጥሩ አንቀጽ ነው። ሆኖም በኮቫክስ በኩል ክትባት የሚቀበሉ አገሮች ለአምራቾቹ የካሳ ዋስትና እንዲሰጡ ይጠየቁ ነበር፣ አምራቹም ባሕር ማዶ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክትባቱ ራሱ ጉድለት እንዳለበት የሚያሳይ አንዳች ነገር በእጃችን የለም። ከዚያው ብልቃጥ የተቀዳላት ጓደኛዋ በነጋታው ሹሩባ ስትሠራ ውላለች። ለእኔ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው።

እስከዚያ ድረስ የምታወራው ሁሉ ስለ ፈሳሹ ነበር። እኔ ስለ መርፌው መጠየቅ ጀመርኩ። የት ጋ ወጋችሽ? ቁጭ ብለሽ ነው ቆመሽ? ምን ለብሰሽ ነበር? ስትመልስልኝ አንድ በአንድ ወጣ። የኅዳር ብርድ ስለነበር እጅጌው ጠበብ ያለ ሹራብ ለብሳለች። እጅጌው ወደ ላይ አልሰበሰብ አለ። ሰልፉ ረጅም ነው። ነርሷ ሹራቡን ከአንገቱ በኩል ወደ ታች ጎተት አድርጋ፣ እሷ ቆማ ባለጉዳይዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ወጋቻት።

ነገሩን የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል። የክንድ ክትባት የሚወጋው ዴልቶይድ የሚባለው ጡንቻ ላይ ነው፣ ከትከሻው አጥንት ጫፍ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ። ልብስ ከአንገት ወደ ታች ሲጎተት የሚታየው የትከሻው አናት ብቻ ነው። ወጊው ቆሞ ተወጊው ተቀምጦ ከሆነ ደግሞ የወጊው እጅ በራሱ ወደ ላይ ይሄዳል። መርፌው ከፍ ካለ ጡንቻውን ስቶ፣ የትከሻ ጅማት ከአጥንት ጋር እንዳይፋተግ የምትከላከለዋን ፈሳሽ ያለባትን ትንሽ ከረጢት ሊያገኛት ይችላል። ሐኪሞች ቡርሳ ይሏታል። ክትባት ሰውነት እንዲቆጣ ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። ቁጣው ጡንቻ ውስጥ ሲሆን በጥቂት ቀን ይበርዳል፣ እዚያች ከረጢት ውስጥ ሲገባ ግን ትከሻው ለወራት ሊቆልፍ ይችላል።

ይህ ዓይነት ጉዳት አዲስ አይደለም። አሜሪካኖች በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ የክትባት ጉዳት ካሳ ፈንድ አቋቁመዋል፣ ገንዘቡም ከእያንዳንዱ ክትባት ላይ ከሚሰበሰብ ቀረጥ ይመጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከክትባት አወጋግ የሚመጣ የትከሻ ጉዳትን ካሳ የሚያስገኙ ጉዳቶች በሚዘረዘሩበት ሠንጠረዣቸው ውስጥ አስገቡ። መለኪያቸው ሕመሙ ከተከተቡ በ48 ሰዓት ውስጥ መጀመሩ፣ ከተወጋው ትከሻ አለመውጣቱ፣ እንቅስቃሴ መቀነሱና ቀደም ሲል የትከሻ ችግር አለመኖሩ ነው። የእነሱ ሕግ አራዳ ምድብ ችሎት ላይ አይሠራም። ለሐኪሞቻችን ግን ምን ብለን እንደምንጠይቃቸው አስተማረን። የዓለም ጤና ድርጅትም ከክትባት በኋላ የሚታዩ ችግሮችን ሲመድብ ከክትባቱ ምርት የመጣውን፣ ከአሰጣጥ ስህተት የመጣውን፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት የመጣውንና እንዲሁ የተገጣጠመውን ለየብቻ ያስቀምጣል። የእኛ ጉዳይ ሁለተኛው ነበር።

አጥንት ሐኪም ዘንድ ሄደች። አልትራሳውንድ ተነሳች፣ ከረጢቷ ተቆጥታ ፈሳሽ ይዛለች፣ መጋጠሚያውም መተሳሰር ጀምሯል። ፊዚዮቴራፒ ታዘዘላት። ይህን ሁሉ ደረሰኝ ያዥ ብዬ ነግሬያት ስለነበር የታክሲ ወጪ ሳይቀር በደብተር ትጽፍ ነበር። (ለታክሲ ደረሰኝ የሚሰጥ እንደሌለ አውቃለሁ። ዳኛም ያውቃል። ቀን የተጻፈበት ደብተር ግን ከምንም ይሻላል።)

አሁን ማስረጃው። ክሱን የተሸከሙት ሦስት ነገሮች ናቸው፣ ሦስቱም በአጋጣሚ የተረፉ። አንደኛው የክትባት ካርዷ ነው፣ ቀኑ፣ የክትባቱ ስምና የባች ቁጥሩ አለበት። ሁለተኛው የጤና ጣቢያው የራሱ የሕክምና ካርድ ነው። በተከተበች በሦስተኛው ቀን አሞኛል ብላ ተመልሳ ሄዳ ነበር፣ የማስታገሻ ኪኒን ሰጥተው መለሷት። ያየቻት ባለሙያ ግን ሕመሙ ክትባት ከወሰደችበት ቀን ማታ ጀምሮ በግራ ትከሻዋ ላይ እንዳለ በአንድ መስመር ጽፋለች። ያቺን መስመር ማንም ጠበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ ሊፈጥራት አይችልም። ሦስተኛው ፎቶ ነው። ያኔ ሰው ሁሉ ሲከተብ ፎቶ ይነሳ አልነበር? ጓደኛዋ አንስታታለች። ሹራቡ ከትከሻ ወርዶ፣ ጥጡ አጥንቱ ጫፍ ላይ ተጭኖ ይታያል። የተነሳበት ስልክ ተሽጧል። ፎቶው የተገኘው ባለጉዳይዋ በዚያው ቀን በቴሌግራም ለእህቷ ልካላት ስለነበር ነው፣ ቀንና ሰዓቱም አብሮ አለ።

ከመክሰሳችን በፊት ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አመለከትን። ኮሚቴው የሙያ ስህተት መኖር አለመኖሩን የሚመረምር የባለሙያዎች አካል ነው፣ ፍርድ ቤቶችም በሕክምና ስህተት ክርክር የእሱን አስተያየት ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ኮሚቴው ዘንድ ማመልከት ይርጋን አያቆምም። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የካሳ ክስ በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይዘጋል። ሰው "ውሳኔው ይምጣና" እያለ ሲጠብቅ ቀኑ ያልፍበታል። እኛ የኮሚቴው መልስ ሳይመጣ፣ በመስከረም 2016፣ ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ሲል ከሰስን። የዳኝነት ክፍያ ስላልነበራት በደሃ ደንብ እንድትከስ ከወረዳዋ ማስረጃ አምጥታ ተፈቀደላት።

ማንን እንክሰስ የሚለው ላይ ከእሷ ጋር ትንሽ ተጨቃጭቀናል። እኔ ነርሷም ጤና ጣቢያውም አብረው ይከሰሱ ባይ ነበርኩ፣ የተለመደው እንደዚያ ነው። እሷ እምቢ አለች። "ያቺ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ስትወጋ ነበር፣ ፊቷን ብታየው ታዝንላት ነበር። እሷን ችሎት አላቆምም።" ደግነቱ ሕጉም ይህን ይፈቅዳል። በአንቀጽ 2126 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ ሥራውን ሲሠራ ባጠፋው ጥፋት የተጎዳ ሰው ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል፣ መንግሥት ከፈለገ ዞሮ ሠራተኛውን ይጠይቃል። ነርሷ በስም አልተከሰሰችም። በምስክርነትም አልጠራናትም፣ ፎቶው ስለበቃን።

ክሱን በሁለት አማራጭ አቀረብን። አንደኛው አንቀጽ 2031 ነው፣ የሙያ ሥራ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት የሚለው። መርፌው የት መወጋት እንዳለበት ደንብ አለ፣ ያ ደንብ አልተጠበቀም። ሁለተኛው አንቀጽ 2067 ነው፣ በድርጊቱ ሌላውን ሰው አካሉን የጎዳ፣ ጥፋት ባይኖርበትም ካሳ ይከፍላል የሚለው። ይህ ሁለተኛው ለሕክምና ሥራ ይሠራል አይሠራም የሚለው ክርክር አለበት፣ እኔም እንደ መጠባበቂያ ነው ያስቀመጥኩት። የተከሳሽ ዐቃቤ ሕግ ወዲያው የአንቀጹን ሁለተኛ ክፍል አነሳ። ድርጊቱ በሕግ የታዘዘ ከሆነ ኃላፊነት የለም ይላል። የእኛ መልስ አጭር ነበር፦ የኮቪድ ክትባት በፈቃደኝነት እንጂ በግዳጅ አልተሰጠም። ፈቅዳ ነው የተወጋችው ሲሉ ደግሞ፣ አዎ፣ ክንዷን ለመወጋት ፈቅዳለች፣ መጋጠሚያዋን ለመወጋት ግን አልፈቀደችም አልን።

እውነተኛው ክርክር ግን ሌላ ነበር፣ ጠንካራም ነበር፣ አልክድም። ፀጉር ሠሪዎች ዕድሜ ልካቸውን እጃቸውን ሰቅለው ነው የሚሠሩት፣ ትከሻቸው መታመሙ የሙያው ባሕርይ ነው፣ ክትባቱ የተገጣጠመ ነገር ነው አሉ። ይህን የሰማ ሰው ይቀበለዋል። መልሳችንን ያገኘነው ከዚያችው የካርድ መስመር ነው። የሥራ ሕመም ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ይሄኛው በአንድ ማታ መጣ፣ በተወጋው በኩል ብቻ መጣ፣ ብሩሹን ቀን ሙሉ የሚጎትተው ቀኝ ትከሻዋ ደግሞ ደህና ነው። ፍርድ ቤቱ የሐኪሞች ቦርድ አይቷት አስተያየት እንዲሰጥ አዘዘ። ቦርዱ የእንቅስቃሴ ጉድለቱን አረጋገጠ፣ ዝቅተኛ የሚባል መቶኛም ሰጠ፣ የሕመሙ አጀማመርም ከመርፌው ጋር እንደሚጣጣም ጻፈ። "ያደረገው መርፌው ነው" ብሎ በእርግጠኝነት አልጻፈም። ሐኪም እንደዚያ ብሎ አይጽፍልህም፣ ፍርድ ቤትም እንደዚያ አይጠብቅም።

ከዚያ ፒያሳ ፈረሰ። በ2016 አጋማሽ የአካባቢው ቤቶች ለመልሶ ማልማት ሲነሱ ፀጉር ቤቱም አብሮ ሄደ። የሥራ ባልደረቦቿ ተበታተኑ፣ ባለቤትየዋ ከከተማው ዳር ወጣች። ተከሳሽ ይህን አልለቀቀውም። "ገቢዋ የተቋረጠው ሥራ ቦታዋ ስለፈረሰ ነው፣ በትከሻዋ አይደለም" የሚል ተጨማሪ መልስ መጣ። ካሳ የሚከፈለው ጉዳቱን ያህል ነውና፣ ከመፍረሱ በኋላ ላለው ጊዜ የምናስረዳው ነገር በእርግጥ ሳሳ። ከመፍረሱ በፊት ያለውን ግን በእጃችን ማስገባት ነበረብን።

ገቢዋን እንዴት እናስረዳ? ፀጉር ቤት ውስጥ ማን ስንት ራስ እንደሠራ የሚመዘገብበት ደብተር አለ፣ ማታ ማታ ፐርሰንት የሚከፈለው ከእሱ ላይ ነው። ባለቤትየዋ ደብተሩን ለፍርድ ቤት አልሰጥም አለች። ለምን እንደፈራች ግብር የሚከፍል ሁሉ ያውቀዋል። ማስገደድ ይቻል ነበር፣ ባለጉዳይዋ ግን ከሴትዮዋ ጋር መጣላት አልፈለገችም፣ እንጀራ የሰጠችኝ ናት ብላ። መጨረሻ ላይ ያወጣን እቁብ ነው። በየሳምንቱ የምትጥለው እቁብ ነበራት። ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ መጣ። እስከ ኅዳር 2014 አንድም ሳምንት ሳትዘል ሙሉ ዕጣ ትጥላለች፣ ከጥር ጀምሮ ወደ ግማሽ ወረደች፣ ከፋሲካ በኋላ አቋረጠች። ዳኛዋ መዝገቡን ረጋ ብለው አገላበጡት። ጉዳቱን በትክክል መገመት በማይቻልበት ጊዜ ዳኞች በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ በመሰላቸው ግምት፣ እንዲወስኑ አንቀጽ 2102 ይፈቅዳል፣ በርትዕ ለመወሰንም መነሻ ያስፈልጋል። የእቁቡ መዝገብ መነሻ ሆነ።

ስለ ኅሊና ጉዳት ካሳ ስነግራት ሳቀች። ሕጉ በ1952 ሲወጣ ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም ብሎ አስቀምጧል፣ አንቀጽ 2116። ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬም ቁጥሩ ያው ነው። በአሜሪካው ፈንድ ለሥቃይ ብቻ የሚከፈለው ጣሪያ 250,000 ዶላር ነው። "አንድ ሺህ ብርማ የአንድ ደንበኛ ሹሩባ ናት" አለች። እንቅልፍ ያጣችበት ዓመት፣ ልጇን አንስታ ማቀፍ ያልቻለችበት ጊዜ፣ ሁሉም እዚያች ውስጥ ነው የሚገባው። ይህን አንቀጽ የሚያሻሽል ሰው ቢገኝ እኔ ቡና እጋብዘዋለሁ።

የኮሚቴው አስተያየት የመጣው ክሱ መሐል ላይ ከደረሰ በኋላ ነው፣ መርፌው ከሚገባው ቦታ ከፍ ብሎ እንደተወጋ ከፎቶው መረዳት እንደሚቻል ይላል። ከዚያ በኋላ የተከሳሽ ወገን ድምፅ ለዘብ አለ። መዝገቡ ወደ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ተመራ። አስማሚው ፊት የተነገረ ነገር ሚስጥር ስለሆነ ማን ምን እንዳለና ስንት ብር ላይ እንደተስማማን አልጽፍም። ቅርጹን ብቻ ልንገራችሁ፦ በደረሰኝ የተደገፈው የሕክምና ወጪ፣ ፀጉር ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ የቀረባት ገቢ ከፊሉ፣ ለቀጣይ ፊዚዮቴራፒ የሚሆን፣ አንድ ሺዋም ብር። ጤና ጣቢያው ጥፋተኛ ነኝ አላለም፣ እኛም በለን አላልንም። ፍርድ ብንጠብቅ ምናልባት ከዚያ የበለጠ እናገኝ ነበር፣ ምናልባትም ይግባኝ ላይ ዓመታት። እሷ "ይብቃኝ" አለች፣ እኔም ትክክል ናት ብዬ አምናለሁ።

ስምምነቱ በፍርድ ቤት ጸድቆ እንደ ፍርድ የሚፈጸም ሆነ። ክፍያው ግን ዘገየ። የተፈራረምነው ግንቦት 2017 ላይ ነው፣ የመንግሥት በጀት ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ እና "በዘንድሮው በጀት አልተያዘም" ተባልን። ገንዘቡ የገባው አዲሱ በጀት ከተለቀቀ በኋላ፣ የአፈጻጸም ማመልከቻ ጽፈን ልናስገባ ስንል ነው። አሁን ሌላ ሰፈር ጥፍር ትሠራለች። እጅ ከጠረጴዛ በላይ የማይነሳበት ሥራ ነው፣ ፐርሰንቱም ከሹሩባው እምብዛም አያንስም ትላለች።